ከዋቱ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦ የፓወር አምፕሊፋየር ምርጫ ሲዳሰስ

አንድ ሰንበት ትምህርት ቤት፣ አንድ የጸሎት ቤት ወይም ለሠርግና ለምረቃ የድምፅ ዕቃ የሚያከራይ ሰው ፓወር አምፕሊፋየር ሊገዛ ሱቅ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ነው። ሻጩም ቁጥር ይጠራል፤ 3,000፣ 8,000፣ 12,000። ዋጋው ከተቀራረበ ቁጥሩ የበዛው ይገዛል። ብዙም ሳይቆይ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትዊተር ይቃጠላል፣ ባሱ ይታፈናል፣ አምፑ በዝግጅቱ መካከል ራሱን ያጠፋል። ያኔ ስፒከሩ ይወቀሳል፣ ሳውንድ ማኑ ይወቀሳል፣ መብራቱም ይወቀሳል። በመዋጮ የተሰበሰበው ገንዘብ ግን አልቋል።

በዚህ ዳሰሳ የሚቀርበው ክርክር አጭር ነው። ዋት የስሌቱ መጨረሻ ነው፤ መነሻው ሌላ ነው። መጀመሪያ ቦታው ይለካል፣ ቀጥሎ ስፒከሩ ይመረጣል፣ ከዚያ አምፑ ለስፒከሩ ይታጫል፣ በመጨረሻም የመብራቱ፣ የገመዱና የጥገናው ነገር ይታያል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ ይህን ቅደም ተከተል የጠበቀ ገዢ በመጠነኛ ገንዘብ የጠራ ድምፅ ያገኛል። የገለበጠው ደግሞ በውድ ዋጋ ጩኸት ይገዛል።

እዚህ እንዴት ተደረሰ

ድምፅን በኤሌክትሪክ አጉልቶ ለብዙ ሕዝብ ማሰማት ከመቶ ዓመት ያለፈ ታሪክ አለው። ፒተር ጄንሰንና ኤድዊን ፕሪድሃም ማግናቮክስ ያሉትን መሣሪያቸውን ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ለሕዝብ ያሰሙት እ.ኤ.አ. በ1915 ነበር። ኃይል ግን ለረጅም ጊዜ ብርቅ ሆኖ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1965 ቢትልሶች በኒው ዮርክ ሼይ ስታዲየም ከ55,000 በሚበልጥ ሕዝብ ፊት ሲጫወቱ የያዙት ለጉዞው ተብለው የተሠሩ ባለ 100 ዋት የቮክስ አምፖችን ነበር። የዘፈኑ ድምፅ የወጣው በስታዲየሙ የማስታወቂያ ስፒከሮች ነው፤ የአድናቂው ጩኸት ሁሉንም ዋጠው።

ከአራት ዓመት በኋላ በዉድስቶክ ቢል ሃንሊ ያቆመው ሲስተም በማኪንቶሽ ኤም ሲ 3500 አምፖች ይሠራ ነበር። እያንዳንዳቸው 350 ዋት የሚሰጡና በቫክዩም ቱቦ የሚሠሩ ከባድ ዕቃዎች ነበሩ። በዚያው ዘመን የክራውን ዲ ሲ 300 አምፕ ትራንዚስተርን ወደ መድረክ አስገባ። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ ደግሞ ትልቁ የብረት ትራንስፎርመር በስዊችንግ ፓወር ሰፕላይ ተተካ፣ ክላስ ዲ የሚባለው አሠራርም ተስፋፋ። የስዊድኑ ላብ ግሩፐን፣ የጣሊያኑ ፓወርሶፍትና የአሜሪካው ኪው ኤስ ሲ በዚህ ጉዞ ስማቸው ይነሣል። ዛሬ አንድ ሰው በአንድ እጁ የሚያነሣው አምፕ የዉድስቶክን በርካታ አምፖች ኃይል ይሰጣል። ኃይል ርካሽ በሆነበት በዚህ ዘመን ለገዢ የሚከብደው ኃይሉን በልኩ መምረጥ ነው።

መጀመሪያ ቦታው፣ ቀጥሎ ስፒከሩ

አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው እንከተል። ሜዳ ላይ ድንኳን ተተክሏል፤ የመጨረሻው ረድፍ ከስፒከሩ 16 ሜትር ይርቃል። እዚያ የተቀመጠው እንግዳ መዝሙሩን በ95 ዴሲቤል እንዲሰማ ተፈልጓል። በክፍት ቦታ ርቀት በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ድምፅ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ከ1 ሜትር ወደ 2፣ ወደ 4፣ ወደ 8፣ ወደ 16 ሲኬድ አራት ጊዜ እጥፍ ሆኗል፤ 24 ዴሲቤል ጠፍቷል ማለት ነው። ስለዚህ ስፒከሩ በ1 ሜትር ላይ 119 ዴሲቤል መስጠት አለበት።

አሁን የስፒከሩ መግለጫ ይነበባል። በ1 ዋት ኃይል በ1 ሜትር ርቀት የሚሰጠው ድምፅ ሴንሲቲቪቲ ተብሎ ተጽፏል፤ የኛው 98 ዴሲቤል ነው እንበል። የቀረው 21 ዴሲቤል ከአምፑ መምጣት አለበት። ኃይል በእጥፍ ሲያድግ ድምፅ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ፣ አሥር እጥፍ ሲያድግ ደግሞ 10 ዴሲቤል ስለሆነ፣ 21 ዴሲቤል 126 ዋት ያህል ይጠይቃል። ይህ ግን አማካዩ ነው። ከበሮ ሲመታ፣ ዘማሪው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ከአማካዩ 10 ዴሲቤል የሚዘል ጫፍ ይመጣል። ያ ጫፍ ሳይቆረጥ እንዲያልፍ አሥር እጥፍ፣ ማለትም 1,260 ዋት ያህል መጠባበቂያ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ከስፒከሩ አንዲት ቁጥር ብቻ እንለውጥ። ሴንሲቲቪቲው 95 ቢሆን ያው ድምፅ 2,520 ዋት ይጠይቃል፤ 101 ቢሆን 630 ዋት ይበቃዋል። በስፒከር ምርጫ የተገኘች 3 ዴሲቤል የአምፑን ግማሽ ታስቀራለች። አምፕ ሊያሳድግ የተዘጋጀ ሰው መጀመሪያ የስፒከሩን ወረቀት ማየት ያለበት ለዚህ ነው።

ርቀቱም ሊነካ ይችላል። 16 ሜትር ላይ ያለውን ሰው ከፊት ብቻ በጩኸት ከመድረስ ይልቅ በድንኳኑ አጋማሽ ሁለተኛ ጥንድ ስፒከር አቁሞ፣ ድምፁን በጥቂቱ በሚያዘገየው ዲሌይ ከፊተኛው ጋር ማገናኘት ይሻላል። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ለ8 ሜትር ርቀት 23 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ ይበቃል። የፊት ረድፍ ጆሮው አይደነቁርም፣ የኋላውም ቃሉን ይሰማል። በተዘጋ አዳራሽ ውስጥ ግድግዳና ጣሪያ ድምፁን ስለሚመልሱ የሚጠፋው ከዚህ ያነሰ ነው። የዚያ አዳራሽ ችግር አብዛኛውን ጊዜ ማስተጋባት ነው፤ ለማስተጋባት ደግሞ ትልቅ አምፕ መድኃኒት ሆኖ አያውቅም።

በስፒከሩ ጀርባ ያሉት ሦስት ቁጥሮች

ስፒከር ጀርባ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት የኃይል ቁጥሮች ይገኛሉ። የመጀመሪያው ስፒከሩ ያለማቋረጥ የሚችለው ነው፤ በታወቀው የኤ ኢ ኤስ መለኪያ ስፒከሩ ለ2 ሰዓት ያህል በተከታታይ ጩኸት ተፈትኖ የሚጻፍ ነው። ሁለተኛው ፕሮግራም የሚባለው የዚያ እጥፍ ነው። ሦስተኛው ፒክ አራት እጥፉ ነው። ስለዚህ 400፣ 800፣ 1,600 ተብሎ የተጻፈበት ስፒከር አንድ ስፒከር ነው፤ ሻጩ 1,600 ብሎ ቢሸጠው ገዢው የገዛው ባለ 400 ነው።

በባለሙያዎች ዘንድ የተለመደው መመሪያ አምፑ ከመጀመሪያው ቁጥር ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ እንዲሰጥ ነው። ለዚህ ስፒከር ከ600 እስከ 800 ዋት በአንድ ቻናል ማለት ነው። ትርፉ ለጫፎቹ መጠባበቂያ ነው፤ ያለማቋረጥ ሊሰጥ የታሰበ አይደለም። ሲስተሙን የሚነካው ሰው ልምድ ከሌለው፣ ወይም ሌሊቱን ሙሉ ቢት ብቻ የሚጫወት ዲጄ ከሆነ፣ አምፑ ወደ መጀመሪያው ቁጥር ቢጠጋ ይሻላል። ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ቦታው 1,260 ዋት ጠየቀ፤ ስፒከራችን ይህ ባለ 400 ከሆነ ግን የሚመከርለት አምፕ ቢበዛ 800 ዋት ነው። መልሱ ስፒከሩን በ1,260 ዋት ማስጨነቅ አይደለም። ስፒከር ይጨመራል፣ ወይም በዲሌይ ርቀቱ ይከፈላል።

«ትንሽ አምፕ ስፒከር ያቃጥላል» የሚለው ወሬ በየሱቁና በየስቱዲዮው ይነገራል፤ እውነቱ ግማሽ ነው። ትንሽ አምፕ በትንሽ ድምፅ የሠራ እንደሆነ ማንንም አይጎዳም። ችግሩ የሚመጣው ትንሹ አምፕ ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅና ቀዩ የክሊፕ መብራት ሳይጠፋ ሲሠራ ነው። የሞገዱ ጫፍ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ሲሆን አምፑ በወረቀት ላይ ከተጻፈለት ኃይል እስከ እጥፍ ሊሰጥ ይችላል። ባሱ ተቆርጦ ሲቆም ቀጭኑ ድምፅ ግን ማደጉን ይቀጥላል፤ ያ ሁሉ ወደ ትዊተሩ ይሄዳል። ትዊተሩ የሚችለው ደግሞ በጥቂት አሥር ዋቶች የሚቆጠር ነው። በብዙ ሠርግ ላይ መጀመሪያ የሚሞተው ትዊተር የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ትልቅ አምፕም ቢሆን ያለ ጥንቃቄ ኮይሉን በሙቀት ያቀልጣል፣ ኮኑንም ከቦታው ያስወጣል። በሁለቱም በኩል ጥፋቱን የሚያመጣው ቀይ መብራት እያየ ዝም የሚል ሰው ነው።

ኦምና ብሪጅ

ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች በአንድ ቻናል ሲገናኙ አምፑ የሚያየው 4 ኦም ነው፤ አራት ሲሆኑ 2 ኦም። ኦም በወረደ ቁጥር አምፑ የበለጠ ከረንት ይጠየቃል፣ የበለጠም ይግላል። የአምፕ ማስታወቂያ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ዋት አብዛኛውን ጊዜ በ2 ኦም ወይም በብሪጅ የተለካው ነው። ገዢው ግን አምፑን የሚጠቀምበት በ8 ወይም በ4 ኦም ነው፤ ማንበብ ያለበትም ያንን መስመር ነው።

ብሪጅ ሁለቱን ቻናሎች አንድ አድርጎ ቮልቴጁን ያሳድጋል። ነገር ግን እያንዳንዱ ቻናል የስፒከሩን ግማሽ ኦም ያያል፤ 4 ኦም ሰብዉፈር በብሪጅ ሲገናኝ እያንዳንዱ ቻናል 2 ኦም የተሸከመ ያህል ይደክማል። በቂ ኃይል ያለው አምፕ እያለ ብሪጅ ማድረግ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። በ4 ኦም በምቾት የሚሠራ አምፕ መርጦ፣ ለ2 ኦም የተጻፈውን ቁጥር እንደ መጠባበቂያ አቅም መያዝ ዕድሜ ያስረዝማል።

የተጻፈው ዋት ሲፈተሽ

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1974 ለቤት አምፕሊፋየሮች ሕግ ያወጣችው ነጋዴዎች ቁጥር እንደፈለጉ ስለሚያበዙ ነበር። ዋት ሲጻፍ በስንት ኦም፣ በየትኛው የድምፅ ክልል፣ በምን ያህል መዛባት እንደተለካ አብሮ እንዲጻፍ አዘዘች። በገበያችን የሚገኝን ማንኛውንም አምፕ በእነዚሁ ጥያቄዎች መፈተን ይቻላል። ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ተለክቷል ወይስ በ1,000 ኸርዝ ብቻ? ሁለቱም ቻናል አብረው እየሠሩ ነው ወይስ አንዱ ብቻ? ለምን ያህል ጊዜ? አንዳንድ ቀላል አምፖች የተጻፈላቸውን ኃይል የሚሰጡት ለሴኮንድ ጥቂት መቶኛ ብቻ ነው። ለከበሮ ምት ይበቃ ይሆናል፤ ተጎትቶ ለሚቆይ የባስ ድምፅ ግን አይበቃም። ለሰብዉፈር የሚገዛ አምፕ ኃይሉን ቢያንስ ለጥቂት ሴኮንድ መያዝ መቻል አለበት።

በሱቅ ውስጥ በግማሽ ደቂቃ የሚደረግ ፍተሻ አለ። አምፑን አዙሮ የኋላውን ፊውዝ ማንበብ ነው። ፊውዙ 10 አምፒር፣ መብራቱ 220 ቮልት ከሆነ፣ ሁለቱ ሲባዙ 2,200 ዋት ይሆናል። ከግድግዳው 2,200 ዋት የሚስብ ዕቃ ያለማቋረጥ 12,000 ዋት ሊያወጣ አይችልም። ፊውዝ ለአጭር ጊዜ ከተጻፈበት በላይ ስለሚያሳልፍ የጫፉ ኃይል ከዚህ ሊዘል ይችላል፤ ስለዚህ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ልዩነት መኖሩ ብቻውን ማጭበርበር አይደለም። ልዩነቱ አምስትና ስድስት እጥፍ ከሆነ ግን ፊት ለፊት የተጻፈውን ቁጥር ትቶ ሌላ ዕቃ ማየት ነው። ፊውዝ የሌላቸውና በብሬከር የሚሠሩትም በዚሁ መንገድ ይፈተሻሉ።

ኤ ቢ፣ ኤች ወይስ ዲ

ክላስ ኤ ቢ አሮጌውና የተፈተነው አሠራር ነው። ድምፁ ጥሩ ነው፣ ክፍሎቹ ትልልቅ ስለሆኑ የሠፈር ቴክኒሻን ትራንዚስተሩን ነቅሎ ሊተካው ይችላል። ኃይል ግን ያባክናል። ሙዚቃ ሲጫወት አምፕ በአማካይ የሚሰጠው ከሙሉ ኃይሉ አንድ ስምንተኛ ያህል ነው፤ አምራቾችም የመብራት ፍጆታን በዚሁ ልክ ይጽፋሉ። በዚያ ደረጃ የኤ ቢ ብቃት ከ30 በመቶ በታች ነው። በድምሩ 8,000 ዋት የሆኑ አምፖች አንድ ስምንተኛቸውን፣ ማለትም 1,000 ዋት ለስፒከር ሲሰጡ፣ ከመስመሩ 3,600 ዋት ገደማ ይስባሉ። 2,600ው ሙቀት ሆኖ ከፋኑ ይወጣል።

ክላስ ኤች በዚሁ አሠራር ላይ ሁለትና ከዚያ በላይ የቮልቴጅ ደረጃዎች ይጨምራል። ድምፁ ዝቅ ሲል በዝቅተኛው ይሠራል፣ ጫፍ ሲመጣ ወደ ከፍተኛው ይዘላል፤ ብክነቱም ይቀንሳል። ክላስ ዲ ትራንዚስተሮቹን በሴኮንድ በመቶ ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ እየከፈተና እየዘጋ ይሠራል፤ በሙሉ ኃይሉ ብቃቱ ከ85 በመቶ ሊያልፍ ይችላል። ያንኑ 1,000 ዋት ለማውጣት ከመስመር የሚስበው 1,500 ዋት አካባቢ ነው። በጄኔሬተር ለሚሠራ አከራይ ይህ ልዩነት የነዳጅ ዋጋ ነው፤ ዕቃ ለሚጭኑ ልጆች ደግሞ የወገብ ጉዳይ ነው። የድምፁ ጥራት ያንሳል የሚባለው በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ነበር፤ ዛሬ በደንብ ከተሠራ የክላስ ዲ አምፕ የሚሰማው ድምፅ በትልልቅ መድረኮች ሁሉ ታማኝነት አግኝቷል።

የክላስ ዲ ጉዳቱ ሲበላሽ ይታያል። ክፍሎቹ ደቃቅና ተቀራርበው የተበየዱ ስለሆኑ ብዙ ጊዜ የሚጠገነው ሙሉ ቦርድ በመቀየር ነው። ቦርዱ በአገር ውስጥ ከሌለ ዕቃው ወራት ይቀመጣል። ስለዚህ ቴክኒሻን በቅርብ ለሌለበት፣ ዕቃው ከአንድ አዳራሽ ለማይወጣበትና መብራቱ አስተማማኝ ለሆነበት ቦታ ጥሩ ኤ ቢ ወይም ኤች አምፕ ዛሬም የሚያሳፍር ምርጫ አይደለም። ለሚዞር ሥራ ግን ክላስ ዲ ይመረጣል።

መብራት፣ ከፍታና አቧራ

የኢትዮጵያ መስመር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ወይም ተመላሽ ወገን ይዞት የመጣው አምፕ ግን ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል ካለ ችግር የለም። 120 ብቻ የሚል ከሆነ ሶኬት ላይ በተሰካበት ቅጽበት ሊቃጠል ይችላል። በማውረጃ ትራንስፎርመር ማሠራት ይቻላል፤ ትራንስፎርመሩ ግን የአምፑን ሙሉ ፍጆታ የሚችል መሆን አለበት። ለ60 ኸርዝ የተሠራ ባለ ብረት ትራንስፎርመር አምፕ በ50 ኸርዝ ላይ ይበልጥ እንደሚግልም መታወቅ አለበት። በውጭ ያላችሁ ወገኖች ለቤተ ክርስቲያንም ሆነ ለመስጊድ ዕቃ ስትልኩ ከዋቱ በፊት ይህን መስመር አንብቡ።

ቮልቴጅ ሲወርድ ባለ ብረት ትራንስፎርመር አምፖች ኃይላቸው አብሮ ይወርዳል፤ ስዊችንግ ፓወር ሰፕላይ ያላቸውና ቮልቴጁን ራሳቸው የሚያስተካክሉት ይሻላሉ። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ከፍተኛ ቮልቴጅ ደግሞ ሁሉንም ይጎዳል። መብራት እንደሄደ ማጥፊያውን ማጥፋት፣ ከተመለሰም በኋላ ጥቂት ጠብቆ መክፈት የማንኛውም ሳውንድ ማን ልማድ ሊሆን ይገባል። የመሬት ሽቦውን ከሹካው ላይ መቁረጥ ግን በፍጹም አይገባም። ሃም የሚባለውን ጉርምርምታ በዚያ መንገድ ያጠፋ ሰው ማይክ የጨበጠውን ዘማሪ ለአደጋ አጋልጧል።

ከፍታውን ብዙ ሰው አያስበውም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይሳሳል፤ ፋን የሚነፋው አየር ከአምፑ የሚያነሣው ሙቀትም በዚያው ልክ ያንሳል። በብዙ የቻይና ሥሪት ዕቃዎች ጀርባ የተራራ ምልክትና 2,000 ሜትር የሚል ጽሑፍ ይታያል፤ ዕቃው ደኅንነቱ የተረጋገጠው እስከዚያ ከፍታ ነው ማለት ነው። ይህ ማለት አዲስ አበባ ላይ አይሠራም ማለት አይደለም። ሙቀቱንና የውስጡን የኤሌክትሪክ ክፍተት በተመለከተ የተተወለት ትርፍ ጠቧል ማለት ነው። ስለዚህ በደጋው አምፑን ከአቅሙ ጫፍ ላይ አለማሠራት፣ ራክ ውስጥ አየር መተላለፊያ መተው ያስፈልጋል። በድሬዳዋና በአፋር ደግሞ ከፍታው ቀርቶ የአየሩ ሙቀት ራሱ ያንኑ ያደርጋል። አቧራ በሁሉም ቦታ አለ፤ የፋኑን ማጣሪያ በየጊዜው ማጽዳት ከማንኛውም ጥገና ይረክሳል።

ገመዱ የሚበላው

30 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ ደርሶ መልስ 0.4 ኦም ያህል መቋቋም አለው። 4 ኦም ስፒከር ላይ ከኃይሉ 9 በመቶው በገመዱ ላይ ይቀራል። በ1.5 ከሆነ 15 በመቶ፣ ለመብራት ተብሎ በተሠራው ቀጭን ባለ 0.75 ከሆነ ደግሞ ሩቡ ገመዱን ሲያሞቅ ያመሻል። ኮኑን የመግታት አቅሙ የሚለካበት ዳምፒንግ ፋክተር 500 ነው እየተባለ የሚወደስ አምፕም በዚያ ባለ 2.5 ገመድ መጨረሻ ላይ ከ10 በታች ይደርሳል፤ ባሱ የሚላላውና የሚጎተተው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። አምፑን ወደ ስፒከሩ አቅርቦ የስፒከሩን ገመድ ማሳጠርና ከሚክሰር የሚመጣውን የሲግናል ገመድ ማስረዘም ይሻላል።

መገናኛውም ቀላል ነገር አይደለም። 2,000 ዋት በ4 ኦም የሚሰጥ አምፕ መውጫው ላይ 89 ቮልት አለ፤ ሰውን የሚመታ ኃይል ነው። የኒውትሪክ ስፒኮን ተቆልፎ የሚገባና እጅ ብረቱን የማይነካበት ስለሆነ ለዚህ ሥራ ተመራጭ ነው። ተራው ጃክ ለጊታር ይቆይ።

ሊሚተር፣ ዲ ኤስ ፒና ባለ ውስጥ አምፕ ስፒከር

ብዙ ሰው የአምፑን ቁልፍ ዝቅ ካደረገ ኃይሉን የቀነሰ ይመስለዋል። ቁልፉ የሚቀንሰው የሚገባውን ሲግናል ነው፤ ሚክሰሩ ከጨመረ አምፑ ሙሉ ኃይሉን መስጠቱ አይቀርም። ስፒከርን የሚጠብቀው ኃይሉ ከተወሰነ ገደብ እንዳያልፍ የሚይዘው ሊሚተር ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው። ስሌቱም ቀላል ነው፦ ዋቱን በኦሙ አባዝቶ ስኩዌር ሩት ማውጣት። ለ400 ዋት፣ 8 ኦም ስፒከር ገደቡ 57 ቮልት ገደማ ይሆናል። ኮይሉን ከሙቀት ለማዳን በዚህ ቁጥር ላይ ዘግየት ብሎ የሚሠራ ሊሚተር፣ ኮኑን ከመቀደድ ለማዳን ደግሞ ከዚያ ከፍ ብሎ ቶሎ የሚይዝ ፒክ ሊሚተር ይቀመጣል። በአምፑ ውስጥ ድምፁን በዲጂታል የሚያስተካክለው ዲ ኤስ ፒ ካለ ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ የሚለየው ክሮስኦቨር፣ ዲሌዩና ሊሚተሩ በአንድ ቦታ ይገኛሉ፤ ተጨማሪ ገንዘብ የሚወጣለት ነገር ካለ ከትርፍ ዋት ይልቅ ይህ ነው።

አምፑ በሳጥኑ ውስጥ የተገጠመለት ስፒከር እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ ገበያውን በሰፊው ይዟል። ፋብሪካው አምፑን፣ ክሮስኦቨሩንና ሊሚተሩን ለዚያ ስፒከር ብሎ ስለሚሠራቸው እስካሁን የተዘረዘረው ስሌት በአብዛኛው አልቆ ይመጣል። ለትንሽ አዳራሽ፣ ልምድ ያለው ሳውንድ ማን ለሌለው ማኅበር ይህ ጥሩ መልስ ነው። በሌላ በኩል ለእያንዳንዱ ሳጥን መብራትም ሲግናልም መዘርጋት ያስፈልጋል፤ ዝናብ ላይ ያስፈራል፤ አምፑ ሲበላሽም ሙሉ ሳጥኑ ከሥራ ይወጣል። ስፒከር ከፍ ብሎ በሚሰቀልበት አዳራሽ ግን አምፑ ከታች ራክ ውስጥ ቢሆን ለጥገና ይመቻል።

ለሆርኖች የተለየ መንገድ

በደጀ ሰላም፣ በሚናሬት፣ በትምህርት ቤት ግቢና በአውቶቡስ ተራ የሚሰቀሉ ሆርኖች በረጅም ገመድ ስለሚራራቁ በ8 ኦም ማገናኘት አይመችም። ለዚህ የተፈጠረው ባለ 100 ቮልት መስመር ነው። እያንዳንዱ ሆርን ትራንስፎርመር አለው፤ ስንት ዋት እንደሚወስድ እዚያው ይመረጣል። ስሌቱ መደመር ብቻ ነው፦ 12 ሆርኖች በ15 ዋት 180 ዋት ናቸው፤ ከአምፑ ኃይል አንድ አምስተኛው ለመጠባበቂያ ሲተው 225 ዋት፣ በገበያ የሚገኘው 240 ዋት አምፕ ይበቃል። ትራንስፎርመር የሌለውን ተራ 8 ኦም ስፒከር በዚህ መስመር ላይ ማገናኘት ግን እስከ 1,250 ዋት እንዲስብ መጋበዝ ነው፤ ወይ ስፒከሩ ወይ አምፑ ያበቃለታል።

ብያኔ

ኃይል ሲበዛ ኃላፊነትም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ለመዝናኛ ቦታዎች ባወጣው መመሪያ አማካይ ድምፅ በ15 ደቂቃ ልኬት ከ100 ዴሲቤል እንዳያልፍ መክሯል። የኢትዮጵያ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም ለድምፅ ደረጃ እንዲወጣ ይደነግጋል። የሕፃናት ጆሮና የጎረቤት እንቅልፍ ከማንኛውም ዝግጅት ድምቀት ይበልጣሉ። በልኩ የተመረጠ ሲስተም በዝቅተኛ ድምፅም ቃሉ ይሰማል፤ ሰው ድምፅ ጨምር የሚለው ብዙ ጊዜ ቃሉ ስላልተሰማው ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ሱቅ ከመግባትህ በፊት የመጨረሻው ረድፍ ስንት ሜትር እንደሚርቅ ለካ፤ የስፒከርህን ሴንሲቲቪቲ፣ ኦምና የመጀመሪያውን የኃይል ቁጥር በወረቀት ጻፍ። ሱቅ ስትገባ በዚያ ኦም አምፑ ስንት ዋት እንደሚሰጥ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ ፊውዙ ስንት እንደሆነ፣ ቮልቴጁ ከስንት እስከ ስንት እንደሚቀበል፣ ሲበላሽ ማን እንደሚጠግነውና መለዋወጫው የት እንዳለ ጠይቅ። ከተቻለ የራስህን ስፒከር ይዘህ ሄደህ አሠራው። ከቀረው ገንዘብ ጥሩ ገመድ ግዛ፣ ሊሚተሩንም የሚያስተካክል ባለሙያ ክፈል። ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያለው ባለ 800 ዋት አምፕ መልስ ከሌለው ባለ 12,000 ይበልጣል፤ መልስ ካላገኘህ ገንዘቡን ከኪስህ አታውጣ።